የጡት ካንሰር ሕክምና በሐኪሞች ቡድንና በታካሚዋ ልክ፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከሌሎቹ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚታይ ሕመም ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከቀወት፣ ከምንጃርና ከአካባቢያቸው ተነሥተው ሕክምና ለሚከታተሉ ታካሚዎችና አስታማሚዎቻቸው የተዘጋጁ ሲሆኑ የሚያክምዎትን ሐኪም ምክር አይተኩም።

በቡድን የሚሰጥ ሕክምና ሲባል ምን ማለት ነው?

አንዲት ሴት የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲረጋገጥ የትኛው ሕክምና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጣት አንድ ሐኪም ለብቻው አይወስንም፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ውጤቶቿን በአንድነት አይተው ይወስናሉ። በትልልቅ ሆስፒታሎች ይህ ስብሰባ ቲዩመር ቦርድ ይባላል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ዕጢው የት እንዳለና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ መቻል አለመቻሉን፣ ራዲዮሎጂስቱ በአልትራሳውንድ፣ በማሞግራፊ ወይም በሲቲ ስካን የታየውን፣ ፓቶሎጂስቱ ደግሞ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተገኘውን ያቀርባሉ፤ ኦንኮሎጂስቱ (የካንሰር ሐኪሙ) ኬሞቴራፒ (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት)፣ ጨረርና የሆርሞን መድኃኒት ያስፈልጉ እንደሆነና መቼ እንደሚጀመሩ ያስረዳል። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያና የሥነ ልቦና አማካሪም የቡድኑ አካል ናቸው። በእኔ እምነት ከእነዚህ ሁሉ ድምፃቸው ሊሰማ ሲገባው የማይሰማው ነርሶቹ ናቸው፤ ታካሚዋ የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥታ አንድ ዙር ልትዘል እንደሆነ ከሐኪሙ ቀድመው የሚያውቁት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና።

አንድ ጥሩ ሐኪም ካገኘሁ አይበቃኝም?

ጥሩ ሐኪም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የጡት ካንሰር ሕክምና ቀዶ ሕክምናን፣ መድኃኒትንና ጨረርን በአንድ ላይ ስለሚጠይቅ ሁሉንም በእኩል ደረጃ የሚያውቅ አንድ ሰው አይገኝም። በዚህ ረገድ በብዛት የሚጠቀሰው ማስረጃ ከስኮትላንድ የተገኘው ነው። በግላስጎው አካባቢ ይህ አሠራር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ተጀመረ፤ በ2012 የታተመ ጥናት የ13,722 ሴቶችን መረጃ ሲመረምር፣ አሠራሩ ከመጀመሩ በፊት በጡት ካንሰር የሚከሰተው ሞት በዚያ አካባቢ ከጎረቤቶቹ 11 በመቶ ከፍ ብሎ እንደነበረ፣ ከተጀመረ በኋላ ግን ከጎረቤቶቹ 18 በመቶ ዝቅ እንዳለ አሳይቷል። ጥናቱ ያለፈ መረጃን ያነጻጸረ በመሆኑ ልዩነቱ ሁሉ ከቡድን ሥራው ብቻ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ አንድም ውጤት ሳይታለፍ፣ አንድም ደረጃ ሳይዘለል መታከም ሕይወት ሊያተርፍ እንደሚችል ለመረዳት ይበቃል።

የጎረቤቴና የእኔ ሕመም አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ሳለ ሕክምናችን ለምን ተለያየ?

የጡት ካንሰር በስም አንድ ይሁን እንጂ በባሕርይው ብዙ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ለአንዷ የሠራላት መድኃኒት ለሌላዋ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። ፓቶሎጂስቱ ናሙናውን ሲመረምር ካንሰር መሆኑን ከማረጋገጥ አልፎ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል፦ የሴት ሆርሞኖች የሚጣበቁባቸው የኢስትሮጅን ተቀባይና የፕሮጀስትሮን ተቀባይ፣ እንዲሁም ሄር ቱ (HER2) የተባለው ፕሮቲን። የሆርሞን ተቀባይ ያለው ዕጢ በሴቷ ሰውነት ውስጥ ያለውን ሆርሞን እየተጠቀመ ስለሚያድግ እንደ ታሞክሲፈን ያሉ መድኃኒቶች ይሠሩበታል፤ የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች ደግሞ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል ሊመረጥ ይችላል። ሄር ቱ የበዛበት ዕጢ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ በተለመደው አሠራር እስከ አንድ ዓመት የሚሰጥ ሲሆን ልብን ሊያዳክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በየመሐሉ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ሦስቱም የሌሉበት ዕጢ በሆርሞን መድኃኒትም ሆነ በትራስቱዙማብ ስለማይታከም ዋናው መድኃኒቱ ኬሞቴራፒ ነው።

ይህ ምርመራ ሳይደረግ ታሞክሲፈን የሚጀመርበት ወይም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምርመራው በአቅራቢያ በማይገኝበት ቦታ ሐኪሙ በግምት ለመወሰን ሊገደድ ይችላል፤ ቢሆንም ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችል እንደሆነ መጠየቅ የታካሚዋ መብት ነው፤ በዚህ ጥያቄ ቅር የሚሰኝ ሐኪም ሊኖርም አይገባም።

ከዕጢው ጠባይ ቀጥሎ የታካሚዋ ሁኔታ ይታያል። ዕድሜዋ፣ የወር አበባዋ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ መሆኗ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኤች አይ ቪ ወይም የልብ ሕመም ያለባት መሆኑ፣ ከዚያም የምትኖርበት ቦታ በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለባቸው። በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ ባለ ገጠር የምትኖር ሴትና ደብረ ብርሃን ከተማ መሐል የምትኖር ሴት አንድ ዓይነት ዕጢ ቢኖራቸው እንኳ የሚስማማቸው ዕቅድ ሊለያይ ይችላል። የመኪና መንገዱን ርቀት ለሐኪም መናገር ማማረር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ደም ግፊት ልኬት ሁሉ ለውሳኔ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ዕጢው ሳይሰራጭ ቶሎ ተቆርጦ ቢወጣ አይሻልም? መርፌ ሲነካውስ አይበተንም?

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዕጢው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መጀመሪያ መቁረጥ፣ ውጤቱን ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብዙ ታካሚዎችን ጎድቷል። ዕጢው ትልቅ ከሆነ፣ ቆዳውን ከያዘ ወይም የብብት ዕጢዎች (ንፍፊት) ካበጡ ቡድኑ ኬሞቴራፒው እንዲቀድም ሊወስን ይችላል፤ እንዲህ ሲደረግ ዕጢው ይቀንሳል፣ ቀዶ ሕክምናው ይቀላል፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑም በዓይን ይታያል። አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ግን ይህ ዕድል አይመለስም። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሲሰጥዎት «የባዮፕሲው (የናሙናው ምርመራ) ውጤት ምን ይላል? ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኦንኮሎጂስት አይቶኛል?» ብለው ይጠይቁ።

መርፌው ካንሰሩን ይበትነዋል የሚለው ፍርሃት በጣም የተስፋፋ ቢሆንም ባዮፕሲ የታካሚን ዕድሜ እንደሚያሳጥር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና ካንሰር መኖሩን ሊጠቁም ይችላል፤ የሆርሞን ተቀባዩንና ሄር ቱን በሚገባ ለማወቅ ግን ወፈር ባለ መርፌ የሥጋ ቁራጭ መውሰድ ይመረጣል።

ናሙናው ከደብረ ብርሃን ወይም ከሌላ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ አያያዙ ወሳኝ ነው። ወዲያው እንደተወሰደ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ በፎርማሊኑ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ከ6 ሰዓት ካነሰ ወይም ከ72 ሰዓት ከበለጠ የተቀባይ ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። ቤተሰብ ብልቃጡን በእጁ ይዞ በሚሳፈርበት ጊዜ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት በብልቃጡ ላይ መጻፋቸውን ያረጋግጥ፤ ማድረሱም ዛሬ ነገ ሳይባል ይሁን።

ጡቴ ሙሉ በሙሉ መቆረጥ አለበት?

ሁልጊዜ አይደለም። በአሜሪካና በጣሊያን ታካሚዎችን ለ20 ዓመታት የተከታተሉና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የታተሙ ሁለት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ዕጢው በጊዜ ተደርሶበት እርሱ ብቻ በዙሪያው ካለ ጥቂት ጤነኛ ሥጋ ጋር ወጥቶ ጨረር የተሰጣቸው ሴቶች ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠባቸው ሴቶች ባላነሰ ሁኔታ በሕይወት ኖረዋል። ነገር ግን ጡቱን የማትረፉ ሕክምና ከጨረሩ አይነጠልም። በአገራችን ለረጅም ዘመን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው ረጅም ሆኖ ቆይቷል፤ ጨረሩ በወቅቱ የማይገኝ ከሆነ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣቱ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ከተቆረጠ በኋላም ቢሆን ዕጢው ትልቅ ከነበረ ወይም አራትና ከዚያ በላይ የብብት ዕጢዎች ከተያዙ ጨረር እንደሚያስፈልግ አይዘንጋ።

ጨረሩ ቀድሞ 25 ጊዜ፣ በአምስት ሳምንት ይሰጥ ነበር። አሁን ለብዙዎች 15 ወይም 16 ጊዜ፣ በሦስት ሳምንት ማለቅ ይችላል፤ አዲስ አበባ ቤት ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ልዩነት ስላልሆነ አጭሩ መርሐ ግብር ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ይጠይቁ። ማረፊያ ለሚቸግራቸው ታካሚዎች ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲን የመሳሰሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ድጋፍ ስለሚያደርጉ በሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል በኩል ማነጋገር ይቻላል።

ሐኪሞቼ በተለያየ ከተማ ካሉ ቡድን ሊባሉ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ነገር ግን መረጃው አብሮ መጓዝ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ከጤና ጣቢያ ይጀምርና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በኩል ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ወረቀት ከጠፋ ምርመራው እንደገና ይጀመራል፣ ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ታካሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራው ተጠናቆ ሕመሟ እንዲታወቅ ግብ አስቀምጧል፤ ከገጠር ቀበሌ ለሚነሣ ሰው ይህን ጊዜ ከሚበሉት ነገሮች አንዱ የጠፋ ወረቀት ነው።

ስለዚህ አንድ ክላሰር ይግዙና የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ሪፖርቶችን፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የተሰጡ የኬሞ ዙሮች ዝርዝርን ከነመጠናቸውና የደም ምርመራዎችን በየቀናቸው ያስቀምጡ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ ማንሣት ደግሞ ወረቀቱ በዝናብ ቢበላሽ ያድናል። ለተላከው ሪፈር መልስ ተጽፎ ወደ ላከዎት ሆስፒታል እንዲመለስ ይጠይቁ፤ ይህ መልስ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ ካልተጻፈ ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ጥቁር አንበሳ የተወሰነውን የሚሰማው ከታካሚዋ አፍ ብቻ ይሆናል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ሰንሰለቱን ጠብቆ መሄድ ለወጪውም ያስፈልጋል። ሳይላኩ በቀጥታ ከፍተኛ ሆስፒታል የሄዱ አባላት ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንላቸው ይችላል። መታወቂያው መታደሱንም ከጉዞው በፊት ይዩ።

ኬሞ ከተሰጠኝ በኋላ ወደ ቤቴ ብመለስ ምን ያሰጋኛል?

ማቅለሽለሽና የፀጉር መነቀል በብዛት ይፈራሉ፤ ለማቅለሽለሽ ጥሩ መድኃኒት አለ፣ ፀጉሩም ተመልሶ ይበቅላል። የሚገድለው ትኩሳት ነው። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ዝቅ ስለሚል ተራ የሚመስል ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊጸና ይችላል። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

በእኛ አካባቢ ሁለት ነገሮች ያዘናጋሉ። በደጋው፣ በመንዝና በደብረ ብርሃን፣ መንቀጥቀጡ «ብርድ መታኝ» ተብሎ በጋቢና በትኩስ መጠጥ ይታለፋል፤ በቆላው፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ደግሞ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተወስዶ ይጠበቃል። ወባውም ሊመረመር ይገባል፤ ነገር ግን ኬሞ ላይ ያለች ሴት በቅድሚያ ለደም ሕዋስ ቁጥር ደም ተወስዶላት፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ ወዲያው በደም ሥር አንቲባዮቲክ ልትጀምር ይገባታል። ለተረኛው ባለሙያ የመጀመሪያው ቃል «ኬሞ ላይ ነኝ፣ የተሰጠኝም በዚህ ቀን ነው» የሚል ይሁን። ሌሊት ትኩሳት ቢነሣ የትኛው ሆስፒታል፣ በማን መኪና እንደሚኬድ ደግሞ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ከቤተሰብ ጋር መቆረጥ አለበት፤ ይህ ያልተካተተበት ዕቅድ ለገጠር ታካሚ ሙሉ ዕቅድ ነው ብዬ አልቆጥረውም።

ጾምና ጸበልስ?

ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ከጾም ሊፈታ እንደሚችል ይታወቃል፤ በረመዳንም ለታመመ ሰው ጾሙን ማቆየት የተፈቀደ ነው። መጾም የምትፈልግ ታካሚ ፍላጎቷን ለቡድኑ ብትነግር ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ በበቂ መጠን እየወሰደች ክብደቷ የሚጠበቅበት መንገድ ሊፈለግ ይችላል፤ ደብቃ መጾሟ ግን የመድኃኒቱ ጉዳትና የምግብ እጥረቱ እንዳይለዩ ያደርጋል። በኬሞ ወቅት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅሩ።

ጸበል በመጠመቋ መድኃኒት የምታቋርጥበት ምክንያት የለም። በኤች አይ ቪ ዘመን ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ለምእመናን ተናግረው ነበር፤ ለካንሰር መድኃኒትም ያው ነው። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ቦታ ለመሰንበት ያሰበች ታካሚ ከኬሞ ቀጠሮዋ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድማ ትንገር፣ የቀዶ ሕክምናው ቁስል ሳይደርቅ አታርጥበው፣ ጸበል ጠጥታ የምታስመልስ ከሆነ ክኒኑን በሌላ ሰዓት ትውሰድ። ጡት ላይ የሚለጠፍ የባህል መድኃኒት ግን ቆዳውን አቁስሎ ቀዶ ሕክምናውን ስለሚያከብደው አይመከርም።

ታሞክሲፈን ለስንት ጊዜ ይወሰዳል? በመሐሉ መውለድስ ይቻላል?

በተለመደው አሠራር በቀን 20 ሚሊግራም ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል፤ ለአንዳንዶች እስከ 10 ዓመት ይራዘማል። የሚያቋርጡት ሴቶች ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም ሕመም በማይሰማበት ጊዜ ክኒን መዋጥ ከባድ ነው፤ በወረዳ ፋርማሲ መድኃኒቱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። የሙቀት ስሜትና የወር አበባ መዛባት ይጠበቃሉ፤ የአንድ እግር ማበጥ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ ደም ግን በአስቸኳይ መታየት አለበት።

መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ እርግዝና መከላከል ያስፈልጋል፤ የመከላከያው ዓይነት ግን ከቡድኑ ጋር ይወሰን። በአካባቢያችን በብዛት የሚወሰዱት የሦስት ወር መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሆርሞን ስላላቸው የጡት ካንሰር ለያዛት ሴት አይሆኑም፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም ይመረጣል። ጤና ጣቢያው ካንሰሩን ካላወቀ መርፌውን በየሦስት ወሩ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ንገሯቸው። ነፍሰ ጡር ሳለች ካንሰር የተገኘባት ሴት ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ የሚሰጡ የኬሞ ዓይነቶች አሉ፣ ጨረሩ፣ ታሞክሲፈኑና ትራስቱዙማቡ ግን ከወሊድ በኋላ ይቆያሉ።

እናታችን እንዳትደነግጥ ካንሰር መሆኑን ብንደብቃትስ?

ጥያቄው ከፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ በቁጣ ሊመለስ አይገባውም። ነገር ግን ሕመሟን የማታውቅ ታካሚ ለኬሞ ሦስት ሳምንት እየቆጠረች ለምን እንደምትመላለስ አይገባትም፤ ሁለት ዙር ወስዳ «ተሽሎኛል» ብላ ትቀራለች። ለቀዶ ሕክምና የምትፈርመውም እርሷ ናት። የተሻለው መንገድ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ራሷን መጠየቅ፣ ቢቻል ከነርሷ ጋር ሆኖ በዝግታ መንገር ነው። ብዙዎቹ እናቶች ከልጆቻቸው ፊት ቀድመው አውቀውታል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዚያ እጄ መሥራት እችላለሁ?

የብብት ዕጢዎች ከወጡ በኋላ እጁ ሊያብጥ ይችላል። ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ትከሻውን ያደርቀዋል፤ የታዘዘውን እንቅስቃሴ እየሠሩ ሸክሙን ቀስ በቀስ መጨመር ይሻላል። የበግ ፀጉር መፍተል አይከለከልም፤ በዚያ በኩል እንሥራ መሸከም ግን ይቆይ። በአጨዳና በአረም ወቅት እጁን ከማጭድና ከእሾህ ይጠብቁ፤ ቢቆረጥ ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ፣ ከቀላና ከሞቀ ሐኪም ይየው።

ካንሰሩ ተሰራጭቷል ከተባለ ሕክምናው አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም፤ ግቡ ይለወጣል። የሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ወደ አጥንት ቢሰራጭ እንኳ በመድኃኒት ለዓመታት ሊገታ ይችላል። ሕመም ያለባት ሴት ሞርፊን ሲታዘዝላት ቤተሰብ «የመጨረሻው ደረሰ» ብሎ የሚደነግጥበት ጊዜ አለ፤ ሞርፊን የሕመም ማስታገሻ እንጂ የሞት ምልክት አይደለም። የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል ማለስለሻው አብሮ እንዲታዘዝ ያስታውሱ።

እኅቶቼና ሴት ልጆቼ መመርመር አለባቸው?

ከጡት ካንሰር በዘር ከሚተላለፍ የጂን ችግር የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ነው። በቤተሰብ ውስጥ በለጋ ዕድሜ የታመሙ ወይም የእንቁላል ማኅደር ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ካሉ ለቡድኑ ይነገር። ጡቷ ጠጣር ለሆነ ወጣት ሴት ማሞግራፊ ብዙ ስለማያሳይ ሐኪሙ አልትራሳውንድ ሊመርጥ ይችላል።

ወንዶችንስ ይይዛል?

አዎን፤ ከታካሚዎቹ አንድ በመቶ የማይሞሉት ወንዶች ናቸው። ከጡት ጫፍ ሥር የሚወጣ ጠጣር እብጠት ያለው ወንድ ሳያፍር ይታይ፤ የሚደረግለት ምርመራና የሚያየው ቡድንም ያው ነው።